በረሃ ላይ ኤቲቪ መንዳት፦ የጠየቃችሁንና የመለስነው

ባለፈው እትም ስለ ደቡብ ካሊፎርኒያ የሳምንት መጨረሻ መዝናኛዎች ስንጽፍ "በረሃ ወጥታችሁ ባለ አራት ጎማ ሞተር ንዱ" ብለን በአንድ መስመር አልፈን ነበር፤ ኤቲቪ የሚባለው እሱ ነው። ጥያቄው ጎረፈ። ከሳን ዲዬጎ፣ ከላስ ቬጋስ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ አንዱ ደግሞ ከአዳማ። ስለዚህ የዚህን ጊዜ ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥተነዋል።

"ሁለት ልጆች አሉን፤ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። የሎስ አንጀለስ ዘመዶቻችን ለታንክስጊቪንግ በዓል ግላሚስ እንሂድ ብለው ይዘውናል። ማናችንም ነድተን አናውቅም። ባለቤቴ ፈርታለች፣ እኔ ደግሞ ልጆቹን ማሳዘን አልፈልግም። ምን ትመክሩናላችሁ?" (ከሳን ዲዬጎ)

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። በረሃው ለልጆች የሚሆን ነው፤ የማይሆነው የተመረጠው ቦታና ቀን ነው።

ግላሚስ የሚባለው ኢምፔሪያል ሳንድ ዱንስ ውስጥ ነው። ከ40 ማይል በላይ፣ ማለትም 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአሸዋ ባሕር ነው። አንዳንዱ ክምር 300 ጫማ ይደርሳል። በታንክስጊቪንግ ሰሞን ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንደሚገኝ ይገመታል። እንግዲህ አስበው፤ ይህ ሁሉ ሰው መስመር በሌለው አሸዋ ላይ፣ በየአቅጣጫው፣ ከክምሩ ማዶ ማን እንዳለ ሳያይ ነው የሚነዳው። ልምድ ላለው ሰው ትልቅ ደስታ ነው። ለጀማሪ ግን፣ ለዚያውም ከ9 ዓመት ልጅ ጋር፣ በፍጹም።

እናንተ ኦኮቲዮ ዌልስ ሂዱ። ከሳን ዲዬጎ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሀይዌይ 78 ላይ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች ብሎ የለየው ከ85 ሺህ ኤከር በላይ ስፋት ያለው ቦታ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ከአሸዋው ይልቅ የሚበዛው ጠንካራ መሬት፣ ደረቅ የወንዝ መውረጃና የተበጀ መንገድ ስለሆነ ፊት ለፊት ያለውን እያዩ መንዳት ይቻላል። ጀማሪ የሚማረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። የማሽኑ መጠን። እያንዳንዱ ኤቲቪ ላይ ለስንት ዓመት ልጅ እንደተሠራ የሚገልጽ ምልክት ተለጥፏል። ያንን ሳታነብ ልጅህን እንዳታስቀምጥበት። የአዋቂ ተብሎ የተለጠፈበት ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። "የእኔ ልጅ ቁመቱ ረጅም ነው" የሚል አባት ብዙ ነው፣ ነገር ግን ጉዳዩ ቁመት ብቻ አይደለም። ኤቲቪ የሚታጠፈው በመሪ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ክብደትም ነው። ልጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ጎን ካላጋደለና ክብደቱ ማሽኑን ካልያዘው፣ ኩርባ ላይ ማሽኑ ይገለበጥና 300 ኪሎ የሚሆን ብረት ላዩ ላይ ይወድቃል።

ሌላው፣ ልጅን ከኋላ ማፈናጠጥ። ለአንድ ሰው የተሠራ ኤቲቪ ላይ ሁለተኛ ሰው መጫን በካሊፎርኒያ የሕዝብ መሬት ላይ ክልክል ነው። አገር ቤት ሞተር ላይ ሦስት ሆነን የሄድን ሰዎች ይህ ቀላል ይመስለናል፤ ቀላል አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕዝብ መሬት ላይ ኤቲቪ ሊነዳ ከፈለገ ወይ ኮርስ ወስዶ የደህንነት ሰርተፊኬት መያዝ፣ ወይ ኮርሱ ላይ በአሠልጣኝ ሥር መሆን፣ ወይ ሰርተፊኬት ያለው አዋቂ በቅርብ እየተከታተለው መንዳት አለበት። ከ14 በታች ከሆነ ደግሞ ሰርተፊኬት ቢኖረውም ወላጁ ወይም ወላጁ የወከለው አዋቂ አጠገቡ ይሁን። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ አንተና ባለቤትህ መጀመሪያ ኮርሱን ውሰዱ። ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ነው። መነጽር፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ሙሉ እጅጌ። ሰንደል ጫማ አይታሰብም።

ለመጀመሪያው ቀን ግን ልጆቹ ባይነዱስ? ሳይድ-ባይ-ሳይድ የሚባለውን፣ እንደ ትንሽ ጂፕ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ተከራዩ። ብረት ጣሪያ አለው፣ ቀበቶ አለው። ልጁ ግን ጀርባው ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ፣ እግሩ ወለሉን በደንብ ረግጦ፣ እጁ መያዣው ላይ መድረስ አለበት። ይህም ሕግ ነው። ካልደረሰ አይሄድም። ቢገለበጥ እንኳ እጅና እግር ወደ ውጭ እንዳይወጣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው ሲገለበጥ በደመ ነፍስ እጁን ወደ መሬት ይዘረጋል፣ የሚሰበረውም ያኔ ነው።

የሚታየው ደግሞ ብዙ ነው። ፓምፕኪን ፓች የሚባል ቦታ አለ፤ አሸዋው ከውስጥ ተጣብቆ የሠራቸው ክብ ክብ ድንጋዮች መሬቱ ላይ ተበትነዋል። ሼል ሪፍ የሚባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ወጥታችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ የምትረግጡት የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነ የኦይስተር ቅርፊት ነው፣ ተደራርቦ ድንጋይ የሆነ። የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ከ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ድረስ ይደርስ ነበር። የ9 ዓመቱ ልጅ ከሞተሩ በላይ ይህን ሊያስታውስ ይችላል። ቅርፊቱን ግን በኪሱ እንዳይዝ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም አትሂዱ፤ 43 ዲግሪ የተለመደ ነው። ዘመዶቻችሁን ደግሞ ወደ እናንተ አምጧቸው።

"ጓደኛሞች ሆነን አሮጌ ሳይድ-ባይ-ሳይድ በጋራ ገዛን። ዱሞንት ዱንስ የሚባለው የአሸዋ ክምር ወስደነው ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ጎማ ሸተተና አሸዋ ውስጥ ቀረ። ሞተሩ ይሆን እንዴ የሞተው?" (ከላስ ቬጋስ)

ሞተሩ ነው ብዬ አላስብም፤ ቺንጋው ነው። አብዛኞቹ ሳይድ-ባይ-ሳይዶች እንደ መኪና ጥርስ ያለው ማርሽ ሳይሆን ጉልበቱን በላስቲክ ቺንጋ ነው የሚያስተላልፉት። አሸዋ ከባድ ነው። በዝግታ እየሄዳችሁ በከፍተኛው ማርሽ ነዳጅ ስትረግጡ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ያ ሽታ ይመጣል። ሽታው ሲመጣ ወዲያው አቁሙ፣ ገለል ብላችሁ ይቀዝቅዝ። በዝግታ ስትሄዱና ስትወጡ ዝቅተኛው ማርሽ ላይ አድርጉት። መለዋወጫ ቺንጋ ይዛችሁ ውጡ፣ አቀያየሩን ደግሞ ቤት ደጃፍ ላይ ተለማመዱት፤ በረሃ ላይ በጨለማ ካቻቪቴ ይዞ መፈለግ አያስፈልግም። ያረጀው ተበጣጥሶ ከሆነ ሽፋኑ ውስጥ የቀረውን ክር ሁሉ ልቀሙት፣ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

የጎማውን ነፋስ ቀንሱ። በመንገድ ላይ ያለውን ያህል ነፋስ ይዞ አሸዋ ላይ የገባ ጎማ ይቆፍራል እንጂ አይሄድም። ለብዙዎቹ ወደ 10 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ ነው) መውረድ በቂ ነው፣ ግን የመኪናችሁን መመሪያ እዩ፤ ከዚያ በታች ብዙ ስትወርዱ ኩርባ ላይ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ሲሰምጥ ነዳጅ አትስጡ። ውረዱ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ በአካፋ ጥረጉ፣ በመጣችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ በኋላ ማርሽ ውጡ።

ያልጠየቃችሁትን ልጨምር፣ ምክንያቱም ከቺንጋው ይህ ይበልጣል። የአሸዋ ክምር ሁለት ፊት አለው። ነፋስ የሚመታው ጎን ለስለስ ብሎ ይወጣል፤ ማዶው ያለው ግን እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ነው። በለስላሳው በፍጥነት ወጥታችሁ አናቱን ከዘለላችሁ፣ የምታርፉት ወይ ባዶ ላይ ወይ ማዶ የቆመ ሰው ላይ ነው። አናቱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ በቀጥታ ሳይሆን በጎን ጠጋ በሉ፣ ማዶውን አይታችሁ ውረዱ። መውጣት ካቃታችሁ ሳትቆሙ ወደ ታች ዙሩ፤ ተዳፋት ላይ በጎን የቆመ ማሽን ይንከባለላል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ጉድጓዱም ጫፉም ከሜዳው አይለይም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ይሆናል። ጠዋትና ወደ ማታ ግን እያንዳንዱ መስመር ጎልቶ ይታያል።

ረጅሙን ባንዲራም አትርሱ። በኢምፔሪያል ክምሮች ሕጉ ከመሬት 8 ጫማ ከፍታ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካን ባንዲራ ይላል። ከማዶ የሚመጣው ሰው እናንተን ከማየቱ በፊት የሚያየው እሱን ነው። እና መጠጥ ጠጥቶ መንዳት እዚያም እንደ ከተማው ነው የሚያስቀጣው፤ ካምፕ ላይ ያለው ቢራ ቁልፉ ከተሰቀለ በኋላ ይከፈት።

"ልጄ ከበረሃ ከመጣ በኋላ ጉንፋን የመሰለ ነገር ይዞት ሁለት ሳምንት ሆነው። አቧራው ይሆን?" (ከሎስ አንጀለስ)

እህቴ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ "በረሃ አቧራ ውስጥ ነበር" ብለሽም በግልጽ ተናገሪ። ቫሊ ፊቨር የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው፣ መሬቱ ሲቆፈርና አቧራው ሲነሳ በትንፋሽ ይገባል። በብዛት ያለው በአሪዞናና በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ ቢሆንም በሌሎቹ የደቡብ ምዕራብ ደረቅ ቦታዎችም ይገኛል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሳል፣ ትኩሳት፣ ድካም ያመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙው ሰው በራሱ ይድናል። ግን ይህን የእኛ ሰው ሊያውቀው ይገባል፦ ጥቁሮች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳር ያለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ላይ የመክበድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሐኪም በቀላሉ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል የደም ምርመራውን ጠይቂ። ለወደፊቱ ደግሞ ከፊት ካለው መኪና አቧራ ርቆ ይንዳ፣ ኤን 95 ማስክ ያድርግ።

"ኦኮቲዮ ዌልስ ስንነዳ ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) አስቁሞ አንዛ ቦሬጎ ገብታችኋል አለን። አጥር እንኳ የለም! ልዩነቱ ምንድነው?" (ከሳን ዲዬጎ)

ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሕጋቸው ግን ለየቅል ነው። አንዛ ቦሬጎ የተጠበቀ ፓርክ ነው፤ የሚገባው ለመንገድ የተመዘገበ፣ ታርጋ ያለው መኪና ብቻ ነው፣ እሱም በመንገዱ ላይ። አረንጓዴ ስቲከር (ከመንገድ ውጭ ብቻ ለሚነዳ የሚሰጥ ምዝገባ) ያለው ኤቲቪ አይገባም። ወሰኑን በካርታ እንጂ በዓይን አትፈልጉት። ክልሉ ውስጥም ቢሆን በተነዳበት ዱካ ላይ ሁኑ። እዚያ ጠፍጣፋ ጭራ ያለው ቀንዳም እንሽላሊት ይኖራል፤ አደጋ ሲመጣበት አይሮጥም፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ፀጥ ይላል። ቀለሙ የአሸዋው ነው። በእግር ቆማችሁ ብትፈልጉት እንኳ አታዩትም፣ በመኪና ላይማ ተዉት።

"ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የአፋር በረሃ ከዚህ ሁሉ የሚያንስ አይደለም። ለምን እዚያስ እንዲህ ያለ መዝናኛ አይከፈትም?" (ከአዳማ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ፣ ሁለቱ መሬቶች ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይመሳሰላሉ። ከኦኮቲዮ ዌልስ አጠገብ ያለው የሳልተን ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በዳሎል ዙሪያ ያለው ጨው ሜዳም ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ቦታ ምድር እየተሰነጠቀች ነው፣ ሁለቱም ቦታ ባሕር ገብቶ ተቆርጦ ቀርቷል። እዚያ የኦይስተር ቅርፊት እንደቀረ ደናክል ዳር ዳር ላይ የኮራል ቅሪት አለ።

መክፈቱ ላይ ግን አልስማማም፣ ቢያንስ ጨው ሜዳውና ቅሪተ አካል ያለበት ምድር ላይ። ኦኮቲዮ ዌልስ ሬንጀር፣ ካርታ፣ የተለየ ወሰን አለው፤ ያም ሆኖ ጠባቂዎቹ ዱካ ከመስመር እንዳይወጣ ሁልጊዜ ይታገላሉ። ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው አጥንቷ መሬት ላይ ወጥቶ ስለታየ ነው፤ ጎማ በላዩ ቢያልፍ ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር? ጨው ሜዳው ደግሞ የአፋር ሰዎች አሞሌ የሚቆርጡበት፣ ግመል የሚጫንበት የሥራ ቦታ ነው፣ የእንጀራ ገመዳቸው ነው። ቅርፊቱ ሳስቶ ከሥሩ ጨዋማ ጭቃ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ከውጭ ሲታይ አይለይም። የሚሄድ ሰው በላንድክሩዘር፣ መሬቱን በሚያውቅ የአፋር መሪ፣ ቀድሞ በተነዳበት መስመር ይሂድ። መሪው "እዚህ ጋ ውረዱና በእግር" ሲልም ወርዶ በእግሩ ይሂድ።