ስለ አዲስ አበባ ውሃ፣ ፍሳሽና ጎርፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በውሃና ፍሳሽ መስመር ዝርጋታና ጥገና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ጥያቄው ስለሚበዛ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የምመልሰው እንደ ባለሙያ እንጂ የመሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ሆኜ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታችኛው ሰፈር ውሃ እያለ እኛ ጋ ለምን ይጠፋል?

ከተማዋ ዳገት ላይ ስለሆነች ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ400 ሜትር በላይ ነው። የግድቡ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ይመጣል፤ ለገዳዲ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያገለግላል፣ የድሬም ውሃ የሚጣራው እዚያው ነው። ሌላው ትልቅ ምንጭ የአቃቂ ጉድጓዶች ናቸው፤ አቃቂ ደግሞ የከተማዋ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ውሃው በፓምፕ ወደ ላይ መገፋት አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ዳገት ላይ ያለው ቤት ነው። ፈረቃው በትክክል ሲሄድም ታች ያለው ሮቶውን ሞልቶ እስኪጨርስ ላይ ያለው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ውሃ ሲመለስ ደፍርሶ ይመጣል፤ ቆጣሪው ደግሞ ውሃ ሳይወርድ ይሽከረከራል። እየከፈልን ያለነው ለአየር ነው?

በከፊል አዎ። ባዶ የቆየ መስመር አየር ይሞላል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩን ወደ እናንተ ይገፋዋል፣ ቆጣሪውም አየርና ውሃ አይለይም። ዋና መስመር ላይ ያሉት የአየር ማስወጫ ቫልቮች በደንብ ሲሠሩ ይህ ይቀንሳል። እናንተ ደግሞ ውሃ ሲቋረጥ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፤ ሲመለስ መጀመሪያ በትንሹ ክፈቱት።

ድፍርሱ ግን ከአየሩ ይልቅ ያሳስበኛል። መስመሩ ግፊት ሲያጣ፣ ስንጥቅ ባለበት ሁሉ ከውጭ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ከጎኑ የፍሳሽ ቱቦ ቢያንጠባጥብ የሚስበው እሱን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሃ ለወለል ማጠቢያ አድርጉት፤ ለመጠጥ የምትቀዱት ከጠራ በኋላ ይሁን፣ እሱንም አፍሉት። በቀጥታ ከመስመሩ በፓምፕ የሚስቡ ጎረቤቶች ካሉ ንገሯቸው፤ ይህን መምጠጥ ያባብሱታል፣ የሚጎዳውም መላው ሰፈር ነው።

ጥያቄ፦ መንገዳችን በጎርፍ ይሞላል። ውሃና ፍሳሽ ስንደውል እኛን አይመለከትም ይሉናል። እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። መጠጥ ውሃና ቆሻሻ ፍሳሽ የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ሥራ ነው፤ የመንገድ ዳር ቦይና የጎርፍ መውረጃ ግን የመንገዶች ባለስልጣን ነው። ብዙ ጊዜ ፍርግርግ ክዳን ያለው የጎርፍ ነው፣ ድፍን ክብ ክዳን ያለው ማንሆል የፍሳሽ ነው። እንደ እኔ ነዋሪው ይህን መለየት አልነበረበትም፤ አንድ ቦታ ደውሎ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ቢነጋገሩ በተገባ ነበር።

ጥያቄ፦ የጣሪያችን አሸንዳ የግቢያችን ማንሆል ውስጥ ነው የሚገባው። ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው፤ ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 3,000 ሊትር ውሃ ይሰጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው። ስለዚህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ የአንድ ሳምንት ፍሳሻችሁን በአንዴ ቱቦው ላይ ይጭናል። ቱቦው ሲሠራ ይህ ስላልታሰበበት ሞልቶ ይገነፍላል፤ የሚወጣውም ታች ባለው ሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚያለቅሱት በዚህ ነው።

አሸንዳውን ወደ ሮቶ አዙሩት፣ ትርፉን ወደ ጎርፍ መውረጃ። የሽንት ቤትና የልብስ እጥበት ውሃችሁንም ወደ ጎርፍ ቦይ አትልቀቁ። ቦዩ የሚያመራው ወደ ወንዝ ነው፣ በዚያ የአቃቂ ወንዝ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ጥያቄ፦ በፍሳሽ መስመር የሄደውስ የት ይደርሳል?

አብዛኛው ቃሊቲ። ቀድሞ ሰፋፊ ኩሬዎች ነበሩ፤ አሁን ያለው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሥራውን የሚሠሩት በዋናነት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁም በረኪና በብዛት አትጨምሩ፤ ውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ገድላችሁ መምጠጫ መኪናውን ቶሎ ቶሎ ትጠራላችሁ። ዘይትና ቅቤ ያለበትን የወጥ ድስት ከማጠባችሁ በፊት በሶፍት ጠርጉት፣ ሶፍቱንና ዳይፐሩን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። የውሃ ሒሳቤ ላይ በአስፋልትና በጣሪያ ስፋት የሚሰላ ክፍያ አለ። ለምን?

ከከተማችሁ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው አሮጌ ክፍል ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄድበት ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱ ተደባልቀው አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ውስጥ ይገቡ ነበር። ይህን ለመያዝ ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎች እየተቆፈሩ ነው፣ ክፍያው ለእሱ ነው። ውሃ የማያሰርግ መሬት የበዛበት ብዙ ይከፍላል፤ ትክክለኛ አሠራር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ማንሆል ክዳን ተሰርቋል፤ ጎረምሶቹ በድንጋይ ሊሞሉት ነው።

አስቁሟቸው። ድንጋዩ መስመሩን ይዘጋል፤ ለማውጣትም አስፋልት መቆፈር ሊያስፈልግ ይችላል። ዙሪያውን በእንጨትና በቀይ ጨርቅ ከልሉ፣ ማታ የሚታይ ነገር አድርጉበት፣ ወዲያው ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ አመልክቱ። የወደቀ ስልክም ሆነ ኳስ ለማውጣት ማንም እንዳይገባ። ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል፤ አንዱን ለማዳን ብሎ የሚገባውም አብሮት ይቀራል።