ዓይን ሲሸፈን እጅ ይለይ፦ የበረራ ሲሙሌተር ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ

ጥያቄ፦ የቪአር መነጽሩን (ዓይንን ሸፍኖ የሲሙሌተሩን በረራ በዙሪያ የሚያሳየውን) ካጠለቅሁ በኋላ ኪቦርዱ አይታየኝም። ኮምቦልቻ ለማረፍ ስቃረብ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) አወርዳለሁ ብዬ ሌላ ቁልፍ እጫናለሁ። መነጽሩን ከፍ አድርጌ ሳይ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመስመር ይወጣል። (ተማሪ፣ ደሴ አራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መነጽሩን ከፍ ማድረጉን ዛሬውኑ ተው። ይህ ችግር እውነተኛ አብራሪዎችንም ፈትኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 አብራሪዎች ካረፉ በኋላ ፍላፑን እንሰበስባለን ሲሉ ጎማውን አጥፈው አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር፤ ሁለቱ ማብሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና ተመሳሳይ ነበሩና። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንዱ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ ሽብልቅ ገጠመበት፤ እጅ በዳሰሳ ለየ።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ፍላፕን፣ ትሪምን (መሪውን ሳትገፋ አፍንጫውን ባለበት የሚያቆየውን)፣ ፍሬንንና እይታህን ወደ መሃል የሚመልሰውን ትእዛዝ እጅህ ከማይለቀው ጆይስቲክ (የመሪ ዘንግ) ላይ አድርጋቸው። እኔ በሚክስቸሩ (የቤንዚንና የአየር መጠን ማስተካከያው) እጀታ ላይ ግማሽ ሽምብራ በሙጫ ለጥፌበታለሁ፤ አውራ ጣቴ ሹሉን ሲያገኘው ሌላ ማረጋገጫ አልፈልግም። ሬዲዮና መብራት ግን አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር በማውስ ቢነኩ ይበቃል። ሃያ ቁልፍ ከምትሸመድድ ስድስቱን እንደ ስምህ እወቅ። ዓይንህን ጨፍነህ ተቀመጥና ታናሽህ «ፍላፕ!» «ፍሬን!» እያለ ይጥራልህ፤ እጅህ ማመንታቱን እስኪተው ሞተር አታስነሳ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ስነሳ አውሮፕላኑ ከብዶት ነው የሚነሳው። ለምን? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ6,000 ጫማ ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው። ሚክስቸሩ እስከ መጨረሻ ከተገፋ ለሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መስጫ) ሙሉ ስጥና የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሳብ። በእውነተኛው ሴስና ይህ እጀታ ቀይ ነው፤ ዙሪያውንም ጥርስ ጥርስ አለው። የሽምብራው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ መነጽሩን አድርጎ እጁን ሲያወናጭፍ ረከቦቱን ገለበጠው፤ ሁለት ሲኒ ተሰበረ። ልከልክለው? (እናት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይከልክሉት፣ እናቴ፤ ቦታ ይስጡት። እጁ የሚወናጨፈው አየር ላይ በሚያዙት መቆጣጠሪያዎች ሲበር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በታሰረ ጆይስቲክ ከሆነ ከቦታው አይርቅም። ወንበሩ የማይሽከረከር፣ ክንዱ የሚደርስበት ሁሉ ባዶ ይሁን። ቡና ሲፈላ ግን መነጽሩ ይውለቅ፤ ፍም ባለበት ክፍል ዓይን ሸፍኖ መቀመጥ አደጋ ነው። አቦሉን አብሯችሁ ይጠጣ።

ጥያቄ፦ ሩብ ሰዓት ሳልበር ያቅለሸልሸኛል። (ደሴ)

መልስ፦ ዓይንህ እየዞርክ ነው ሲል የውስጥ ጆሮህ ተቀምጠሃል ይላል፤ ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። እንደጀመረህ አውልቀው፤ ታግሼ አሳልፈዋለሁ ካልክ ይብስብሃል። ምስሉ እንዳይቆራረጥ ጥራቱን ቀንስ። በመጀመሪያው ሳምንት ነፋስ በሌለበት ሰማይ አሥር ደቂቃ ቀጥ ብለህ ብቻ ብረር። ጦሳን መዞሩ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይ።