ፒ53 በዝቶ አሲታይሉ ለምን አልታየም?

ጥያቄ፦ ኤምሲኤፍ-7 የጡት ካንሰር ሴሎችን ፕሮቲያዞምን (የሴሉን ፕሮቲን አፍራሽ) በሚዘጋው ኤምጂ132 (10 ማይክሮሞላር፣ 6 ሰዓት) አቆይቼ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ምርመራ) ሠራሁ። ዕጢን የሚገታው ፕሮቲን ፒ53 በጠቅላላ መጠኑ በጣም ጨምሯል። ላይሲን 382 (የፒ53 382ኛ አሚኖ አሲድ) ላይ አሲታይል የተባለ ኬሚካዊ ምልክት ያለበትን የሚለየው አንቲቦዲ ግን ምንም አላሳየኝም። ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበርና አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?
የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ በግማሽ ግሊሴሮል የሚቀመጥ አንቲቦዲ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም አይጋገርም፤ የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። እኛ አስቀድመን የምንጠረጥረው ኤምጂ132ን ነው።

የፒ53 ጅራት ላይ ስድስት ላይሲኖች አሉ፦ 370፣ 372፣ 373፣ 381፣ 382 እና 386። ኤምዲኤም2 የተባለው ኢንዛይም ዩቢኩይቲንን (‹ይፍረስ› የሚል ምልክት) የሚለጥፈው በዋናነት በእነዚሁ ላይ ነው፤ ፒ300 እና ሲቢፒ የተባሉት ኢንዛይሞችም አሲታይል የሚያኖሩት እዚያው። የላይሲኑ ጫፍ ግን አንድ አሚን ብቻ ስላለው አንዱ ከያዘው ሌላው አይገባበትም። ኤምጂ132 ፕሮቲያዞምን ሲዘጋ ዩቢኩይቲን የተለጠፈበት ፒ53 ሳይፈርስ ይከማቻል። መብዛቱን አይተዋል፤ መንቃቱን ግን አላዩም። ፒ300ን በደንብ የሚያስጠጋው የዲኤንኤ ጉዳት ነው፦ ሰሪን 15 እና 20፣ እንዲሁም ትሪዮኒን 18 ፎስፌት ሲያገኙ የኤምዲኤም2 ይዞታ ይላላል፣ የፒ300 ይጠብቃል።

ሌላው ተጠርጣሪ አሲታይሉን የሚነቅሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሴሉ ከፈረሰ በኋላም ሥራቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ትራይኮስታቲን ኤ ከእነዚህ አንዱን፣ ኤችዳክ1ን፣ ይገታል፤ ኤንኤዲ በተባለ ረዳት ሞለኪውል የሚሠራውን ሌላውን፣ ሰርት1ን፣ ግን አይነካውም። ለእሱ ኒኮቲናማይድ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው።

ኤምጂ132ን ትተው ዲኤንኤን በሚጎዳው ዶክሶሩቢሲን (0.5–1 ማይክሮሞላር፣ 16 ሰዓት ያህል) ይሞክሩ። በመጨረሻዎቹ 6 ሰዓታት ትራይኮስታቲን 1 ማይክሮሞላር እና ኒኮቲናማይድ 5 ሚሊሞላር ይጨምሩ። ሁለቱም ላይሲስ በፈሩ (ሴሉን የሚያፈርሰው ፈሳሽ) ውስጥ ይኑሩ፤ ቱቦው ከበረዶ አይውጣ። ዩቢኩይቲኑንም ማየት ከፈለጉ በፈሩ ላይ ዩቢኩይቲን ነቃዮቹን የሚያግድ 10 ሚሊሞላር ኤን-ኢታይልማሌይማይድ ያክሉ። ዲቲቲ (የሰልፈር ማያያዣን የሚፈታ ኬሚካል) ካለበት ግን ከንቱ ይሆናል፤ ዲቲቲው የሚገባው በኋላ፣ ናሙናው ለጄል ሲዘጋጅ ነው። ጠቅላላውን ፒ53 በዲኦ-1 አንቲቦዲ ይለኩ፤ የሚይዘው የፒ53ን ሌላኛውን ጫፍ ስለሆነ የጅራቱ ለውጥ አያሳስተውም። የአሲታይሉን ባንድ ለጠቅላላው ሳያካፍሉ አያወዳድሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ባንዱ ካልመጣ ያን ጊዜ አንቲቦዲውን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ላይሲን 382ን ወደ አርጂኒን ብለውጥ አሲታይሉን ብቻ አጠፋሁ ማለት ነው?
ከሰፈረ ሰላም

መልስ፦ አይደለም። ዩቢኩይቲኑም፣ ሴት8 የተባለው ኢንዛይም የሚያኖረውና ፒ53ን የሚያዳክመው ሜታይልም አብረው ይቀራሉ። ወደ ግሉታሚን መለወጥም አሲታይልን ያስመስላል እንጂ አይተካም። ለሙከራው የራሱ ፒ53 የሌለውን ኤች1299 ወይም ሳኦስ-2 የተባለ የካንሰር ሴል ይውሰዱ። ሂላ የተባለው ሴል አይሆንም፤ የፓፒሎማ ቫይረሱ ኢ6 ፒ53ን ያስፈርሰዋል።

ለውጡ ትንሽ ቢሆን አይደነቁ። በ2005 የጅራቱ ላይሲኖች በሙሉ ወደ አርጂኒን የተለወጡባቸው አይጦች በሕይወት አድገዋል፣ የፒ53 ዕድሜም ብዙም አልተናጋም። ከዲኤንኤ ጋር በሚያያዘው ክፍል ያለው ላይሲን 120 የበለጠ ይናገራል፦ ቲፕ60 የተባለው ኢንዛይም አሲታይል ሲያኖርበት ሴሉ በፑማና በባክስ (ሴልን ለሞት የሚዳርጉ ፕሮቲኖች) በኩል ወደ ሞት ያዘነብላል። ይኸው ላይሲን በአይጥ 117 ነው፤ ፕራይመር (ለውጡን የሚያስገባውን አጭር ዲኤንኤ) ከማዘዝዎ በፊት ቁጥሩን ያረጋግጡ።