ዘፈኑን ማን ጻፈው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ ስለ አሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ብሬነን ሊ አንስቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው «ኤይንት ስሩ ሆንኪ ቶንኪን የት» የተሰኘው አልበም የ1960ዎቹን መጨረሻና የ1970ዎቹን መጀመሪያ የናሽቪል፣ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና፣ አጨዋወት ይዞ የራሷን ታሪኮች ይናገራል። እንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት አድማጭ ብቻ ማግኘቱ እንደሚያናድደኝም ጽፌያለሁ። ከመጡት ደብዳቤዎች የተወሰኑትን አሳጥሬ እመልሳለሁ።

ብሬነን ወንድ ነው ሴት?

ሴት ናት። ጊታርና ማንዶሊንም ትጫወታለች።

በዶን ዊሊያምስና በኬኒ ሮጀርስ ካሴት ያደጉ የአዲስ አበባ አባት፣ «ካንትሪ እንዲህ አያላዝንም ነበር፤ ያ የሚያለቅሰው መሣሪያ ምንድን ነው?» ይላሉ።

ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ክር ያለው መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በአንድ እጁ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፤ በጉልበቱ ማንሻ ይገፋል። ያን ጊዜ ድምፁ ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ይሳባል። በዶን ዊሊያምስ አልበሞች ውስጥም አለ፤ ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆናል።

ካንትሪ አላለቀሰም ማለት ግን አይቻልም። ሆንኪ ቶንክ የሚባለው ስልት የተወለደው የአሜሪካ የአልኮል እገዳ እ.ኤ.አ. በ1933 ከተነሳ በኋላ በቴክሳስና በአካባቢው በተከፈቱ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ነው። ጫጫታው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አስገደደ፤ ከሥራ ወጥቶ የሚጠጣው ሰው ደግሞ ስለ ትዳር መፍረስ፣ ስለ ክህደትና ስለ ብቸኝነት የሚናገር ግጥም ፈለገ። ብሬነን ሊ የምትሄደው በዚያ መንገድ ነው።

ከሐዋሳ የጻፉልኝ ሰው ቆጣ ብለዋል፦ «ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነች ለምን አልታወቀችም? ገበያ አይሳሳትም።»

ገበያ ይሳሳታል፤ በካንትሪ ሙዚቃ የሚሳሳትበት መንገድም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ኩባንያ ብቻ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። በየከተማው የአካባቢውን ዘፋኝ ሰምቶ የሚመርጥ ሰው ቀረና ዝርዝሩ ከሩቅ ቢሮ ይመጣ ጀመር። ሴት ለሆነች ደግሞ በሩ ይበልጥ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የሬዲዮ አማካሪ የካንትሪ ጣቢያዎች አድማጭ እንዳያጡ የሴቶችን ዘፈን እንዲቀንሱ በአደባባይ መከረ። ወንዶቹ የሰላጣው ቅጠል፣ ሴቶቹ ጣል ጣል የሚደረግ ቲማቲም ናቸው አለ። እንዲህ ያለ ገበያ ምን ያህል ሰው እንደሰማት እንጂ ምን ያህል እንደምትችል አይነግረንም።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሌላዋ የካንትሪ ዘፋኝ ሊ አን ዎማክ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው አልበም ውስጥ የብሬነን ሊን ዘፈን ዘፍናለች። ያን አልበም የወደዱ ሰዎች ብሬነን ሊን ሰምተዋታል፤ አያውቋትም እንጂ። ቢሊ ጆ ሼቨርም እንዲሁ ነበር። በእንጨት መሰንጠቂያ ጣቶቹን ያጣ፣ በቀሩት ጊታር መምታት የተማረ የቴክሳስ ሰው ነው። የካንትሪ ዘፋኙ ዌይሎን ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1973 ካወጣው «ሆንኪ ቶንክ ሂሮስ» አልበም ከአንዱ ዘፈን በቀር ሁሉንም የጻፈው፣ ወይም ከሌላ ጋር ሆኖ የጻፈው እርሱ ነው። አልበሙ የአንድ ዘመን ምልክት ሆነ። ሼቨር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሞት ግን ስሙን ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

በአሜሪካ ሕግ ተራው ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለጻፈው እንጂ ለዘፈነው አይደለም። ይህን ጠንቅቃ የምታውቀው የካንትሪ ዘፋኟና ደራሲዋ ዶሊ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኤልቪስ ፕሪስሊ ሥራ አስኪያጅ ስለጻፈችው ዘፈን «ኤልቪስ እንዲዘፍንልሽ ከፈለግሽ የባለቤትነቱን ግማሽ ስጪ» ሲላት እምቢ አለች። ያ ዘፈን፣ «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ዓለምን ያስለቀሰችበት ነው። ሕጉ ደራሲውን አውቆት አድማጩ ሳያውቀው መቅረቱ ያሳዝናል።

እኛም ቤት ያለ ነገር ነው። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልጠን ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ ብለን እናነብ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም ብቻ ይመጣል። ዘፈን የምትጭኑ ሁሉ፣ ከሥሩ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም ጻፉ። ሁለት መስመር ነው፤ ሰበብ የለውም።

ካንትሪን በሙሉ እንደሚጠሉ የጻፉ አንባቢ ደግሞ፦ «ለኢትዮጵያ ረሃብ በተዘፈነው በ‹ዊ አር ዘ ወርልድ› ቀረጻ ላይ አንድ የካንትሪ ኮከብ ጥሎ ወጣ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ዌይሎን ጄኒንግስ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊት ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ የሚዘፈን ስንኝ ይግባ ሲል ጄኒንግስ ተነስቶ ሄደ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ አይነገርም ያሉ ሌሎችም ስለነበሩ ስንኙ ቀረ። ዊሊ ኔልሰንና ኬኒ ሮጀርስ ግን እዚያው ቆይተው ዘፍነዋል። በአንድ ሰው መውጣት ካንትሪን በሙሉ የሚጠላ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

አንድ ወጣት ድምፃዊ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የሀንክ ዊሊያምስ ዜማ ላይ የራሱን የአማርኛ ግጥም ጽፏል። «ሰውየው ከሞተ ቆየ፤ ዩቲዩብ ላይ ብጭነው ማን ይጠይቀኛል?»

የዜማው ባለመብቶች ይጠይቁሃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የታተመና ምዝገባው የታደሰ ዘፈን ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ለ95 ዓመት ይጠበቃል። የ1952ቱ እስከ 2047 መጨረሻ ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። ግጥሙ የአንተ መሆኑ ዜማውን የአንተ አያደርገውም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። አንድ ብር ለስቱዲዮ ከመክፈልህ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ጓደኛህን አትጠይቅ፤ እኔንም ቢሆን አትመን፤ ጠበቃ ጠይቅ።

ጊታሬ አምስተኛው ክር ላይ ይንጫጫል።

ክሩን ይቀይሩ። ካልተሻለው ጊታር ጠጋኝ ይየው።

ዮድል የሚባለውን የድምፅ አሰባበር የምትለማመድ የባሕር ዳር እህት፣ ድምፅዋ ከሻከረ ሁለተኛ ወሩን እንደያዘ ጽፋልኛለች። ማርና ዝንጅብል ይበቃ ይሆን?

አይበቃም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር መታየት አለበት፤ አንቺ ያንን ካለፍሽ ቆይተሻል። ልምምዱን ዛሬ አቁሚ፤ በሹክሹክታም ጭምር አትልፊ። በዚህ ሳምንት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የድምፅ አውታርሽን በመሣሪያ እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ማስታገሻ ብቻ ሰጥተው ቢመልሱሽ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዮድሉ ይደረስበታል።

ዳላስ ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር፦ «ሌሊት ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ከየትኛው የብሬነን ሊ አልበም ልጀምር?»

እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው «ፕሬሪ ላቭ ሌተር»። ስላደገችበት የሰሜን ሜዳማ አገር የጻፈችው ነው፤ ለብቻ ለሚሰማ ሰው የሚሆን። ቀጥለው የ2023ቱን ይስሙ። ሞቅ ያለ ሲያሰኝዎ ደግሞ ከአስሊፕ አት ዘ ዊል ባንድ ጋር በ2022 የሠራችው አለ፤ የጭፈራ ምት ነው። ሦስቱንም ከመነሳትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ እየነዱ አይፈልጉ።