የሻወር ሴራሚክ መጋጠሚያ ሲጠቁርና ሲረግፍ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ቤቱ ከተጠናቀቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሻወሩ ግድግዳ 25 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ የተለበጠ ሲሆን መጋጠሚያው በነጭ ሲሚንቶ ተሞልቷል። አሁን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፣ ማዕዘን ማዕዘኑ ተሰንጥቋል፣ በጣት ሲነካም ይረግፋል። ከሻወሩ ጀርባ ባለው መኝታ ቤት ደግሞ የግድግዳው ቀለም አብጦ እየተላጠ ነው። አንድ ሠራተኛ «ላዩን በነጭ ሲሚንቶ እንደግመዋለን፣ በግማሽ ቀን ያልቃል» ብሏቸዋል። ጠያቂዋ ይህ ይበቃል ወይ፣ ካልበቃስ የትኛውን ግራውት (የሴራሚክ መጋጠሚያ መሙያ) ልግዛ ይላሉ።

እኅቴ፣ አይበቃም። በረገፈ ሲሚንቶ ላይ የተቀባ ስስ ሲሚንቶ የሚጨብጠው ነገር ስለማያገኝ በጥቂት ወራት ውስጥ እየተላጠ ይወድቃል። ከግራውቱ ይልቅ ደግሞ ቶሎ መታየት ያለበት የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ነው። ከሲሚንቶ የተሠራ ግራውት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጥቂት ውሃ ማሳለፉ አይቀርም፤ ውሃውን የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ።

መጀመሪያ የግድግዳውን ቧንቧ ይፈትሹ። ቤቱ በቀጥታ ከመስመር የሚጠጣ ከሆነ ማታ ሁሉንም ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ጠዋት ያመሳክሩ። ውሃ የሚያገኙት ከሮቶ ከሆነ ግን ቆጣሪው ከሮቶው በኋላ ያለውን ፍሳሽ አያሳይም። ወደ ሮቶው የሚገባውን ዘግተው የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበትና አድሮ ይዩት፤ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውሃ እየለቀቀ እንዳያሳስትዎት የእሱንም ቫልቭ ይዝጉ። የቆጣሪው ቁጥር ከጨመረ ወይም የሮቶው ውሃ ከቀነሰ ችግሩ የቧንቧ ነው፣ ግራውት አያድነውም። ካልሆነ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ወትፈው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያቁሙና 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ በደፍ በኩል እንዳያልፍ እየተጠነቀቁ። ከፍታው በግልጽ ከወረደ ወይም የመኝታ ቤቱ እርጥበት ከሰፋ የወለሉ መከላከያ ወይም የመውረጃው ዙሪያ ክፍት ነው ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ውሃው የሚገባው በግድግዳው መጋጠሚያና በማዕዘኖቹ በኩል ነው።

ቀጥለው እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም ጠርዝ ያንኳኩ። ብዙ ቦታ ሲሚንቶው በሴራሚኩ ጀርባ አምስት ቦታ ላይ በጉብታ ይደረግና ይለጠፋል፤ በጉብታዎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ውሃ ያቁራል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው አንድ ሁለት ከሆነ እነሱን ብቻ አንሥቶ ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ በማጣበቂያ ሸፍኖ መመለስ ይቻላል። የግድግዳው እኩሌታ ባዶ የሚጮህ ከሆነ ግን ግራውት አይግዙ፤ ሴራሚኩ ወርዶ፣ ልስኑ ደርቆ፣ የውሃ መከላከያ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ እንደገና መለጠፍ አለበት።

አሁን ወደ ግራውቱ። ነጭ ሲሚንቶ ለብቻው በውሃ ሲቦካ እየደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ሠራተኛው እንዲፈስለት ውሃ ሲያበዛው ደግሞ ትርፉ ውሃ ተንኖ ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል፤ ሳሙናና የገላ ቅባት እዚያ ይገባል፣ ጥቁሩ ሻጋታም በዚያ ይመገባል። ከዚህ የባሰው ቶሎ እንዲጠነክር ብሎ ጀሶ መቀላቀል ነው። ጀሶ በውሃ ይሟሟል፣ ከሲሚንቶ ጋር እርጥበት ላይ ሲቆይም አብጦ መጋጠሚያውን ያፈነዳል። ሻወር ውስጥ ጀሶ ፈጽሞ አይግባ።

በከረጢት የሚሸጠው የፋብሪካ ግራውት ሲሚንቶ፣ የላመ መሙያና ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ማያያዣ) አብሮ የያዘ ነው። ክፍተትዎ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሸዋ የሌለውን ይግዙ፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ አሸዋ ያለበትን፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ክፍል ያለው ዓይነት ውሃም ቅባትም አይጠጣም፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ በቶሎ ይጠነክራል፣ ሴራሚኩ ላይ ከደረቀ ደግሞ አይለቅም። ከዚህ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ሰው በእርስዎ ግድግዳ ላይ እንዲማርበት አልመክርም። ለቤት ሻወር ጥሩ የሲሚንቶ ግራውት ከላዩ ማሸጊያ ፈሳሽ ከተቀባ በቂ ነው፤ ኢፖክሲውን ውሃ ለሚያቁር ወለል ያስቡት። ሞጣ ወይም ብቸና ያለ አንባቢ ከነጭ ሲሚንቶ በቀር ካላገኘና ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ አንድ እጅ ነጭ ሲሚንቶ ከአንድ እጅ በጥሩ ወንፊት ከተነፋ የእምነበረድ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ፣ በሚያቦካበት ውሃ ላይ ለሲሚንቶ የሚሆን ላቴክስ ይጨምርበት።

መጠኑን እንዲህ ያስሉ። የሴራሚኩን ርዝመትና ወርድ ይደምሩ፣ ድምሩን ለሁለቱ ብዜት ያካፍሉ፣ በውፍረቱ፣ በክፍተቱና በ1.6 ያባዙ፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር ይሁን። ለ250 በ400፣ 8 ውፍረትና 3 ክፍተት በአንድ ካሬ ሜትር 0.25 ኪሎ ይደርሳል። በሦስት በኩል 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከፍታ ላለው ሻወር ከነወለሉ 6.2 ካሬ ያህል ስለሆነ 1.6 ኪሎ ይበቃል፤ 2 ኪሎ ይግዙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙት፣ በተለያየ ጊዜ የተመረተ ቀለሙ ሊለያይ ይችላልና።

አሮጌውን ሲያወጡ ቢያንስ የሴራሚኩን ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይቆፈር፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። እንደእርስዎ ለረገፈው የእጅ መፋቂያ ይበቃል፤ ግራይንደር የሴራሚኩን ጠርዝ በቅጽበት ይሸርፋል። የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር አይለይዎት። ከዚያ ብሩሽ፣ በአሥር እጅ ውሃ የቀጠነ በረኪና ለ10 ደቂቃ፣ እጥበት፣ ቀጥሎም ማድረቅ። በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳው በቀላሉ ስለማይደርቅ ሥራው ወደ ጥቅምት ቢዘገይ ይሻላል።

ሲያቦኩ ውሃው ቀድሞ ባልዲ ውስጥ ይግባ፣ ዱቄቱ በላዩ ይጨመር፤ ለ1 ኪሎ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር፣ ከረጢቱ ሌላ ካላለ። በማንኪያ ሲያነሱት የማይንጠባጠብ ይሁን። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አርፎ እንደገና ይማሰል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ውሃ አይጨመርበት። መጋጠሚያውን በመጠኑ አርጥበው ፊቱ ጎማ በሆነ መለሰኛ በመጋጠሚያው ላይ በሰያፍ ወደ ውስጥ እየጫኑ ይሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ካሬ አይለፉ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ጣት ሲነካው የማይለጠፍ ሲሆን በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ይጥረጉ። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ የሚንጠፈጠፍ ስፖንጅ ቀለሙንና ሲሚንቶውን ያጥበዋል፣ ሲደርቅ የነጣና ደካማ መስመር ይቀራል። የባሕር ዳር ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ግራውቱን ያለጊዜው ስለሚያደርቀው ለሁለት ሦስት ቀን ውሃ ይረጭበት። የማርቆስ ብርድ በተቃራኒው ያዘገየዋል፤ ሻወሩን እስከ 7 ቀን ባይከፍቱት ጥሩ ነው።

ግድግዳና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን እንዲሁም የቧንቧው ዙሪያ በግራውት አይሞላ። ሁለቱ ፊቶች ለየብቻቸው ስለሚንቀሳቀሱ ግራውቱ ይሰነጠቃል፤ የእርስዎም ማዕዘን የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። ባዶውን ትተው፣ ሲደርቅ፣ ግራና ቀኙን ፕላስተር ለጥፈው፣ ሻጋታ የሚከላከል የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ይሙሉት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ከሲሚንቶ ጋር ስለማይስማማ ሌላውን ይጠይቁ። ፕላስተሩ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ይነሳ፣ ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

ከዚያ በኋላ ማሸጊያውን ፈሳሽ በመጋጠሚያው ላይ በብሩሽ ይቀቡት። በየጊዜው ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ከጠቆረ ድጋሚ ቅብ ይፈልጋል። ለእጥበት ቀላል ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሎሚና ኮምጣጤ ሲሚንቶን ስለሚበሉ ይቅሩ፤ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ግን አሁን ቀለም አይቀቡት፤ ያበጠው ተፍቆ፣ ሻወሩ ከታደሰ በኋላ በደንብ እስኪደርቅ ይቆይ።