ጠይቁን፦ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር

ኮቪድን በፈጣኑ የአንቲጂን ኪት ስለ መመርመር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ሦስት ጥያቄዎች።

ጥያቄ፦ ሳልና ትኩሳት በጀመረኝ ዕለት ተመርምሬ ኔጋቲቭ ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ዓይነት ኪት ፖዘቲቭ ሆንኩ። የተሳሳተው ኪቱ ነው ወይስ መርማሪው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም ላይሳሳቱ ይችላሉ። ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ጥቂት የቫይረስ ዘረመል ካገኘ አባዝቶ ያሳያል። ኪቱ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ ማባዣ ስለሌለው ቫይረሱ አፍንጫ ውስጥ በደንብ እስኪበዛ ድረስ ያልፈዋል። ምልክት እያለ ኔጋቲቭ ሲመጣ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም የሚባለው ለዚህ ነው። ለመድገም ደግሞ ዋጋው መርከስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ መስከረም 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ስምምነት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆኑ አገሮች 120 ሚሊዮን ኪት፣ አንዱ ቢበዛ በ5 ዶላር፣ እንዲቀርብ ተወስኖ ነበር።

ናሙና አወሳሰዱን ግን ከጥርጣሬ አናወጣውም። የአፍንጫን ደጃፍ ነክቶ የሚመለስ ስዋብ (ጫፉ ጥጥ የሆነው የናሙና መውሰጃ እንጨት) ይዞት የሚወጣው ነገር የለም። ጥልቀት በማይጠይቀው ኪት ስዋቡ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባና ግድግዳውን እያሸ 5 ጊዜ ይዞራል፤ በሌላውም ቀዳዳ እንዲሁ። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ላይ ይታሻል፤ ሲወጣም የቱቦው ጎን በጣት ተጨምቆ ነው። ይህችን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ናሙናው ከነጥጡ ቆሻሻ መጣያ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኪት ከጎንደር ወደ መተማ እንወስዳለን። የቱቦው ፈሳሽ ሲደፋ በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) መተካት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ የሌላ ኪት ፈሳሽም አይሆንም። ፈሳሹ ናሙናውን ከማርጠብ አልፎ የአሲድና የጨው መጠኑን ይጠብቃል። ያ ሲዛባ ኪቱ ውጤት በሚያሳይበት መስመር ላይ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ያለ ቫይረስም ቀለሙን ይይዛሉ። ለስላሳ መጠጥ ጠብ የተደረገበት ኪት ፖዘቲቭ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱም ይታሰብበት። አብዛኞቹ ኪቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣሉ። የጎንደር አየር አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚጀምረው ቁልቁል ሲወረድ፣ ካርቶኑ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ወይም በቆርቆሮ መጋዘን ሲሰነብት ነው። የወባ ኪት የለመደ ይህን ያውቀዋል። በበረዶ ሳጥን ከተጓዘ በረዶው ኪቱን አይንካው፣ በረዶ የሠራ ኪትም ተበላሽቷል። ከቅዝቃዜ የወጣው እሽጉ ሳይቀደድ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ምልክት የሌላቸውን ተማሪዎች በሙሉ ብንመረምርስ? (ከማራኪ)

መልስ፦ በሽታው ሲዛመት ያዋጣል፣ ሲበርድ ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መስፈርት ከ100 የተያዙ 80ውን ማግኘት፣ ከ100 ጤነኞች 97ቱን ነፃ ማለት ነው። ከ1,000 ተማሪ 5 ብቻ ቢያዙ ኪቱ 4ቱን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ግን 30 ያህሉን በሐሰት ፖዘቲቭ ይላል። 200 ቢያዙ 160ው እውነተኛ፣ 24ቱ ሐሰት ይሆናሉ። ስለዚህ በሽታው በበረደበት ጊዜ ፖዘቲቭ የወጣው በፒሲአር ይረጋገጥ።

ሰዓት ይዛችሁ አንብቡ። ብዙ ኪቶች በሚነበቡበት በ15ኛው ደቂቃ ቲ (T) በተባለው የውጤት ቦታ ላይ የታየ መስመር ቢደበዝዝም ፖዘቲቭ ነው፤ መመሪያው ከሰጠው ጊዜ በኋላ የወጣ አይቆጠርም። ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የሲ (C) መስመር ከሌለ ቲ ቢታይም ውጤት የለም፤ በአዲስ ኪት ይደገማል።