መልስ፦ ስቀዳ ድምፄ በሄድፎን ውስጥ እየዘገየ ይሰማኛል

በኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ) ሲቀዱ የራስዎ ድምፅ በሄድፎኑ ውስጥ እየዘገየ የሚሰማዎት፣ ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ በቀረጻ ፕሮግራሙ ውስጥ አልፎ ከተመለሰ በኋላ ስለሚያዳምጡት ነው። ኢንተርፌሱ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ማብሪያ ካለ ያብሩት፤ የማይክሮፎኑ ድምፅ ኮምፒውተሩን ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሄድፎኑ ይደርሳል። ወዲያውም በፕሮግራሙ ውስጥ የሚቀዱበትን ትራክ ሞኒተር (ድምፅዎን መልሶ የሚያሰማዎትን ቅንብር) ያጥፉ፤ አለበለዚያ ድምፅዎን እንደ ገደል ማሚቶ ሁለት ጊዜ ይሰሙታል።

ማብሪያው ከሌለ፣ ወይም ድምፅዎን ከነኢፌክቱ እየሰሙ መቅዳት ከፈለጉ፦

1. የኢንተርፌሱን አምራች ድራይቨር (መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ጭነው በፕሮግራሙ የድምፅ ቅንብር ውስጥ እሱን ይምረጡ።

2. ባፈር ሳይዙን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ወደ 128 ዝቅ ያድርጉ። በ48,000 ኸርዝ ሲቀዱ የ512 ባፈር በአንድ አቅጣጫ ብቻ 10.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያዘገይ፣ የ128 ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ከሚችለው በታች እንዳያወርዱት አደራ። እኔ 32 ላይ አድርጌ ረጅም ንባብ ከቀዳሁ በኋላ ሳዳምጠው፣ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ገብቶበት ስላገኘሁት ሙሉውን እንደገና ለማንበብ ተገድጃለሁ። ዋናውን ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀድተው እስከ መጨረሻው ያዳምጡት።